የአቦ ጽዋ በጓሳ አምባ

ጓሳ አምባ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ሲሄዱ ከመንገዱ ዳር የሚታይ ራሰ በራ ኮረብታ ነው። ዛሬ አናቱ ላይ ከሣርና ከነፋስ በቀር ምንም የለም። አውቶቡሱ በሥሩ ሲያልፍ ተሳፋሪው ያወራል፣ ሾፌሩ ዘፈን ይከፍታል፤ እኔ ብቻ ፊቴን ወዲያ አዞራለሁ። ምን ሆነህ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ፀሐይ ወጋችኝ እለዋለሁ። እንግዲህ ጠዋትም ትወጋኛለች፣ ከሰዓትም ትወጋኛለች ማለት ነው። ስለዚያ ኮረብታ ንገረን እያላችሁ ስለነዘነዛችሁኝ ልናገር። ጀግንነት የምትጠብቁ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ተነሱና ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ ጋ የለም።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው። እኛ የገበሬ ማኅበር ሚሊሻ ነበርን። ከየቀበሌው ተለቅመን መካነ ሰላም፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰለፍን። ክላሽ ተሰጠን፤ ጥይት ተሰጠን፤ ኮቾሮ የሚባለው ጥርስ የሚሰብር የጦር ሠራዊት ደረቅ ብስኩት በከረጢት ተሰጠን። የሻምበሉ አዛዥ ትእዛዙን ቆሞ አነበበ። ጓሳ አምባን እንይዛለን፤ ጠላት ከአባይ በረሃ ሽቅብ ይመጣል፤ ከወረኢሉ አጋዥ ጦር እስኪደርስልን ወደ ኋላ የለም። አጋዥ ጦሩን እኛ እንደጠበቅነው እናንተም እንዳትጠብቁት ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አልመጣም።

ከኛ ደብር የሄድነው ስድስት ነበርን፤ ስድስታችንም የአቦ ማኅበርተኞች። ማኅበር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወር በገባ በአምስት በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በመጨረሻ ጽዋዋን የሚቀጥለው ተረኛ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የተቀበለ ሰው መጪው ወር አለብኝ ብሏል ማለት ነው። ቢታመም ሚስቱ ትደግስለታለች፤ ቢሞት ልጁ ያወጣለታል። ሲሰጠው አልቀበልም ያለ እንደሆነ ግን ማኅበሩ ፈረሰ ይባላል። በኛ አገር ይኼ እንደ ቀልድ አይታይም።

የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ አያ ደምሴ ነበሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲቆጡ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው። በዕድሜያቸው መቅረት ይችሉ ነበር፤ በልጃቸው ምትክ ነው የወጡት። በተነሣንበት ጠዋት ጽዋዋን በነጠላ ጠቅልለው ከበሶ አቁማዳቸው ውስጥ ሲከቱ ቄሱ አዩዋቸውና እዚህ ሽማግሌዎቹ ጋ ትቅር አሏቸው። አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማኅበርተኛው እዚያ ከሆነ እሷ እዚህ ምን ትሠራለች አሉና አቁማዳውን አሰሩ። ሌላው ጦር መነጽር ይዞ ይዘምታል፤ እኛ ሸክላ ይዘን ዘመትን።

ኮረብታው ላይ ምሽግ ቆፈርን። መሬቱ ከላይ አፈር፣ ከሥር ጭንጫ ነው፤ እጃችን ተላጠ። ሰማዩ ሲጠራ የመካነ ሰላም ቆርቆሮ ያብለጨልጭ ነበር፤ ወዲህ መለስ ሲሉ የደብራችን ጽዶች ጥቁር ሆነው ይታያሉ። እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ሩቅ አገር ቢወስዱኝ ኖሮ ልቤን እቆርጥ ነበር፤ ቤቴን እያየሁ መሄድ አለመቻሉ ግን አንጀቴን በላው። ከወጣን በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፤ ስንቅ የሚያመጣ፣ ወሬ የሚያመጣ ሰው አልነበረም።

ከምሽጋችን ጎን ሰይድ የሚባል የመትረየስ ተኳሽ ነበር። የጎረቤት ቀበሌ እስላም ነው፤ የሱ እርሻና የኔ እርሻ በአንድ ድንበር ይገናኛሉ። በሰላሙ ጊዜ በድንበር እንጨቃጨቅ ነበር፤ እዚያ ግን እንደ እናት ልጅ ሆንን። ምን ልበላችሁ፣ ሰይድን ሳላነሣ የኛን ማኅበር ማውራት አልችልም።

አምስት ደረሰ። የፖለቲካ ኮሚሳሩ ከትእዛዝ ውጭ ሦስት ሰው አንድ ላይ እንዳይቀመጥ ከልክሎ ነበር፤ መሣሪያ ለማጽዳት ሲሆን ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክላሾቻችንን ፈታትተን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን በክብ ተቀመጥን። አያ ደምሴ በሶውን በጽዋዋ በጠበጡ። ዳቦው ኮቾሮ ነው። ከመካከላችን ዲያቆን ፋንታሁን ብቻ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ አፈሙዙን በዘንግ እየወለወለ በለሆሳስ ጸሎቱን አደረሰ። ሰይድ ጠባቂያችን ነው፤ ኮሚሳሩ ብቅ ሲል ያስላል። በመጨረሻ ኮቾሮ ሰጠነው። ለመውሊድ እንዲህ ያለ ድግስ ብደግስ ሚስቴ ትፈታኛለች አለን፤ ሳቅን። እዚያ ኮረብታ ላይ ከልባችን የሳቅነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ጽዋዋን ተሰማ ተቀበለ። ተሰማ ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ሰው ሳይለምነው የጎረቤቱን አጥር የሚያጥር። ተሳለማት፣ «ለወሩ ያድርሰን» አለ፣ ይዟት ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ወሩን አላጋመሰም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ሞርታር ወደቀ። ሁለተኛ ወደቀ። ስንደርስ ውሃው ፈሷል፣ እሱም የለም። ጽዋዋ ከጉድጓዱ ጥግ በነጠላዋ እንደተጠቀለለች አገኘናት። ኮረብታው ጀርባ ቀበርነው። ፋንታሁን የሚችለውን ደገመለት፤ ቄስ ስለሌለ ፍትሐት አልነበረም። አምስት ሲደርስ አያ ደምሴ ከራሳቸው በሶ ድግሱን አወጡለት።

ሁለተኛ ይመር ተቀበለ። ይመር ነገረኛ ነው፣ ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቅ። ተሰማ የቀረበትን እኔ እጠጣለታለሁ ብሎ ነው የወሰዳት። አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጉሙ ምሽጋችን ድረስ ገብቶ ሳለ፣ ከገደሉ ሥር ወጡብን። ተኮስን። ተኮሱ። የሚታየን የእሳቱ ብልጭታ ብቻ ነበር። ከወዲያ አንዱ ቆስሎ «የድንግል ያለህ» እያለ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከወዲህም የኛው ልጅ ያንኑ ይጮኻል። ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ሲገለጥ ኮረብታው በእጃችን ነው። ይመር ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። ጽዋዋ እግሩ ሥር ናት፤ ጠርዟ እንኳ አልተሸረፈም።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም አንድ ነገር ማሰብ ጀመርን፤ ጽዋዋን የተቀበለ ይሞታል። እኔ እንኳ፣ አፈር ስሆን፣ በጽዋዋ አጠገብ ሳልፍ እግሬን እሰበስብ ነበር። ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም።

ሦስተኛው አምስት መጣ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ ክላሾቹ ተፈታትተዋል። በሶውን ጠጣን፣ ኮቾሮውን ቆረጠምን። አያ ደምሴ ጽዋዋን በሁለት እጃቸው አንሥተው እንደ ደንቡ ጠየቁ።

«ተራው የማን ነው?»

ተራው የከበደ ነበር። ከበደ ገና ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ዐይኑን ከመሣሪያው አላነሣም፤ የጸዳውን አፈሙዝ መልሶ ይወለውላል። አያ ደምሴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም ስለ ከበደ ልናገርለት አልደፈርኩም፣ ለኔ ትሰጥ እንዳልልም ፈራሁ፤ ፋንታሁንም እንዲሁ። በመጨረሻ ከበደ ልጆች አሉኝ አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አያ ደምሴ ዐይናቸው እንባ ሞላ። እኚያ ሰው ተሰማ ሲሞት አላለቀሱም፣ ይመር ሲሞትም አላለቀሱም። ከአባቶቻቸው የተቀበሏት ማኅበር በሳቸው እጅ ልትፈርስ ነው።

ሰይድ ከመትረየሱ አጠገብ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። ተነሥቶ መጣና አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

«አያ ደምሴ፣ ለኔ ይስጡኝ» አለ። «አማና ነው፣ አደራችሁ። አልጠጣባትም፣ አልደግስባትም፤ አስቀምጥላችኋለሁ። እኔ እንደሆነ ከናንተ ቁጥር ውስጥ የለሁበት፤ ምን ታደርገኛለች?»

አያ ደምሴ ጽዋዋን ተሳለሟት። ከዚያ ድግሱ የከበደ ነው፣ ጥበቃው የሰይድ ነው አሉና ሰጡት። ሰይድ በፎጣው ጠቀለላትና ከጥይት ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጣት። ሁላችንም እፎይ አልን፤ እፎይ በማለታችንም አፈርን። ከበደ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ሰይድ ወሩን ሙሉ ምንም አልነካውም። ከበደን ግን ያች ሳምንት ሳታልቅ አልሞ ተኳሽ መታው፤ ምሽጉን ሲያስተካክል ቀና ባለበት ነው። አካፋውን እንደያዘ ወደቀ። ያኔ ነገሩ ገባን። ጽዋዋ ጋ ያለውም ይሞታል፣ የሌለውም ይሞታል። የሚገድለን ኮረብታው ነው፤ ሁላችንም ደግሞ ኮረብታው ላይ ነን። ፍርሃታችን ከጽዋዋ ለቀቀ፤ ግን ምንም ቦታ አጥቶ በያለንበት ተቀመጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያውም ጽዋዋን መፍራት ይሻል ነበር።

የአራተኛው አምስት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፋንታሁን ከአያ ደምሴ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ እኔ እሰማለሁ። አያ ደምሴ ፋንታሁንን ተኩስ መስመር ላይ አያደርጉትም፤ ሰው የገደለ ዲያቆን ወደ መቅደስ አይመለስምና ጥይት እንዲያመላልስ አድርገውት ነበር። ልጁ በልጅነቱ ከቆሎ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ዳዊት በቃሉ የሚወጣለት ነው። ፊቱ ከስቷል።

«አያ ደምሴ፣ እግዚአብሔር የሚሰማን አይመስለኝም» አላቸው።

ይቆጡ ይሆን ብዬ ጉሮሯቸውን ጠበቅሁ። አልጠረጉም።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ነገ ግን አምስት ነው።»

ሌላ ምክር አልሰጡትም። ልጄ አይዞህ እንኳ አላሉትም። እኔ በበኩሌ ቅር አለኝ፤ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ላለ ልጅ አንድ የሚያጽናና ቃል ያጣል? በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስታችን ክላሽ ፈታትተን ተቀመጥን። በሶው አልቆ ነበር፤ ባዶ ውሃ ነው የጠጣነው። ሰይድ ጽዋዋን ከፎጣው አውጥቶ ለአያ ደምሴ አስረከበ። አያ ደምሴ እንደ ደንቡ ጠየቁ። ፋንታሁን ተነሣና ተቀበለ፣ ተሳለማት፣ «ለወሩ ያድርሰን» አለ። ድምፁ ውስጥ ምንም ተስፋ አልነበረም። ቢሆንም ቃሉን አንድም ሳያስቀር አለው።

የመጨረሻው ውጊያ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። በሦስት አቅጣጫ መጡ። የሻምበሉ አዛዥ በዋዜማው ለስብሰባ ተጠራሁ ብሎ ወርዶ አልተመለሰም፤ ኮሚሳሩም አብሮት ሄዷል። ሬድዮ ኦፕሬተሩ አጋዦቹ ከወረኢሉ በመንገድ ላይ ናቸው እያለ ይጮኽልናል፤ ማን እንደሚነግረው እንጃ። የቀኝ ምሽግ ወደቀ። የሰይድ መትረየስ ጋለ፤ ጥይት አለቀበት። ፋንታሁን ሣጥን አንግቦ ወደሱ ሲሮጥ መሐል ላይ ተመታ። ሣጥኑን ሰይድ ተስቦ ሄዶ ወሰደው። ልጁን መውሰድ አልቻለም።

ሁለት ሰዓት ገደማ አያ ደምሴን ጥይት ሆዳቸው ላይ አገኛቸው። ወደ ጉድጓዱ ጎተትኳቸው። ቁስላቸውን ላስር ነጠላ ልቀድ ስል እጄን ያዙኝ። ተወው በሚል አኳኋን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፋንታሁን ጉድጓድ አመለከቱ። ገባኝ፤ በደረቴ ተስቤ ሄጄ ጽዋዋን አመጣሁ። ከኔ ተቀበሉ። በሁለት እጃቸው አነሷት፤ ደሙ ጣቶቻቸው መሐል ነበር። ደንቡን አልዘለሉም።

«ተራው የማን ነው?» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከማኅበሩ እዚያ ያለነው እሳቸውና እኔ ነን፤ እሳቸውም እየሄዱ ነው።

«የኔ ነው» አልኩ። «ግን አያ ደምሴ፣ ከማን ጋር ልጠጣት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን አልጠየቅሁህም፣ ሞላ» አሉ።

ተቀበልኩ። ተሳለምኳት። ለወሩ ያድርሰን አልኩ። እሳቸው አሜን ሳይሉ አለፉ፤ ይበሉት አይበሉት ብዬ ከንፈራቸውን ብዙ ጊዜ አየሁ። ሰይድ መትረየሱን ጥሎ መጥቶ በአንገቴ ጎትቶ አወጣኝ። ከኋላ ባለው ሸንተረር ወረድን። አያ ደምሴን አልቀበርንም። ፋንታሁንንም አልቀበርንም።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ተንከራተትን፤ መንግሥቱ ወደቀ፤ የኛ ዓይነቱን ወደየቤታችሁ ሂዱ አሉን። ከደብሩ ስድስት ወጥተን አንድ እኔ ተመለስኩ። በተመለስኩበት ወር፣ በአምስት፣ ገብስ ቆልቼ፣ ጠላ ጠምቄ፣ ቄሱን ጠርቼ ደገስኩ። መበለቶቹ መጡ። በመጨረሻ ጽዋዋን አንሥቼ ጠየቅሁ። የሚቀበል አልነበረም። ወሬው ቀድሞኝ አገር አዳርሷል፤ የሙታን ጽዋ ብለዋታል። በኋላ የከበደ ልጅ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኖ መጣ። አክባሪ ልጅ ነው፤ እስቲ እሱ ይቀበለኝ ብዬ አነሣሁለት። እጁን አልዘረጋም። አባቱም አልዘረጋም ነበር፤ ያንን ግን አልነገርኩትም።

ቄሱ ለኔ አስበው ጽዋዋን ዕቃ ቤት እናስቀምጣት፣ አንተም ሌላ ማኅበር ግባ አሉኝ። እንዴት ብዬ? ተራዬ መች አለቀ? ተራ የሚያልቀው የሚቀበል ሲኖር ነው። ስለዚህ በየወሩ በአምስት እደግሳለሁ። ዓመቱ ሲከፋ በንፍሮና በውሃ፣ ሲመች በጠላ።

ሰይድ በየወሩ ይመጣ ነበር። ከደጃፉ ውስጥ መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ጽዋዋን አይነካም፣ ቆሎ ይቆረጥማል። ጸሎቱ ሲያልቅ ተራው የማን ነው ይለኛል። የኔ ነው እለዋለሁ። እንግዲያ አላህ ያጽናህ ይለኛል፤ ዱላውን አንሥቶ ይሄዳል። ሁልጊዜ ይችኑ ነው። አንድም ቀን ስለ ኮረብታው አላወራንም። ባለፈው ክረምት እሱንም አፈር አለበስነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቆሞ አለቀሰለት።

እንግዲህ ቁጥራቸው ይኼ ነው። ተሰማ፣ ይመርና ከበደ ኮረብታው ጀርባ ናቸው፤ ድንጋይ ደርድረንባቸው ነበር፣ አሁን የት እንደሆነ አይለይም። አያ ደምሴና ዲያቆን ፋንታሁን በወደቁበት ናቸው። በኋላ ቄሱ ለሁሉም በስማቸው ፍትሐት ፈቱላቸው፤ ሥጋቸው ግን አልመጣም። ከወዲያ በኩል የወደቁትን የሚያውቅ ከወዲያ ይቁጠራቸው።

ሰባኪው እሑድ እሑድ በእምነት ስለ መጽናት ሲያስተምር እሰማለሁ፤ መልካም ይናገራል። የጸና ሰው ልቡ ያርፋል ይላል። የኔ ልብ አላረፈም። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም፤ ፋንታሁን ያላት ነገርም ውሸት ናት ብዬ አልምልም። አንዳንድ ወር ጸሎቱን ስደግም ለግድግዳ የማወራ ይመስለኛል። ግን አምስት ይመጣል። ጠዋት ተነሥቼ ጽዋዋን አጥባለሁ፣ መደቡን እጠርጋለሁ። ሲያልቅ በሁለት እጄ አነሣታለሁ፤ አሁን ክንዴ እንደ አያ ደምሴ ይንቀጠቀጣል። ሰይድም ስለሌለ የሚጠይቀኝ የለም። ተራው የማን ነው እላለሁ። የኔ ነው ብዬ እመልስና እቀበላለሁ።